ጸጋና ወንበር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎሐ ጽዮን አፋፍ ወደ ዓባይ በረሓ ቁልቁል የሚወርደውና ወንዙን ተሻግሮ በደጀን በኩል እንደገና ወደ ደጋ የሚወጣው ጎዳና፣ ዛሬ በአብዛኛው የጭነት መኪና እያቃሰተ የሚመላለስበት ቢሆንም፣ ድልድይም አስፋልትም ባልነበረበት ዘመን ከሸዋ ወደ ጎጃም ይሻገር ለነበረው የአብነት ተማሪ ወደ ቅኔ የሚያደርስ መሻገሪያ ነበር። የአብነት ትምህርት የሚባለው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ በቃልና በአርአያነት የሚቀስመው ነባር ትምህርት ሲሆን፣ ፊደል ከሚቆጠርበትና ዳዊት ከሚደገምበት ንባብ ቤት ተነሥቶ፣ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት አልፎ፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ እስከሚሰማበት ጉባኤ ድረስ ይዘልቃል። በዚህ ረጅም ጉዞ እያንዳንዱ አገር የሚታወቅበት ሙያ አለው፤ ድጓ የሚመሰከረው በጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ፣ አቋቋም በጎንደር ሲሆን፣ ቅኔ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠራው ግን ጎጃም ነው።

የሃይማኖት መምህር የሚሆን ሰው የፈጠራም የመንፈስም ተሰጥኦው በምን ይጎለምሳል የሚለውን ጥያቄ ይዞ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ በዚህ አቅጣጫ የሚጓዝ ሰው መልሱን ከንድፈ ሐሳብ ይልቅ ከዕለት ውሎ ያገኘዋል። በከተማው ዘንድ፣ በስብከቱም ዓለም ሳይቀር፣ ተሰጥኦ አንድ ሰው ይዞት የተወለደና ፈልጎ ካገኘው በኋላ ለሕዝብ የሚያሳየው ሀብት ተደርጎ ይታሰባል፤ ድምፀ መረዋ የሆነው ይዘምራል፣ አንደበቱ የተፈታለት መድረክ ይሰጠዋል። በቅኔ ቤት ግን ገና የገባውን ልጅ ተሰጥኦ አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ እስከ ማታ ሁለት ቤት ቆጥረህ ና ይባላል እንጂ። ተሰጥኦው መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው ሥራው ከተለመደ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፣ ከታወቀም በኋላ ቢሆን የግል ንብረት ሆኖ አይቆጠርም፤ ጸጋ ነውና የሚመዘነው ወደ ሌላ ሰው ሲሻገር ነው።

ከደጀን ወደ ቢቸና የሚታጠፈው መንገድ የጮቄን ተራራ በግራ እያሳየ በጤፍ ማሳና በባሕር ዛፍ መካከል ሲዘልቅ፣ በየኮረብታው ላይ በጥድና በወይራ የተከበቡ አብያተ ክርስቲያናት ብቅ ብቅ ይላሉ። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ መርጡለ ማርያም ሁሉም በዚህ ወገን ናቸው። ዲማን ብዙ አንባቢ የሚያውቃት በ1958 ዓ.ም. ከታተመው ከሐዲስ አለማየሁ ልብ ወለድ ከፍቅር እስከ መቃብር ነው፤ ደራሲው ራሳቸው በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ተወልደው በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ያደጉ በመሆናቸው፣ ባለታሪካቸው በዛብህ ከዚያው ከጉባኤ ቤት ወጥቶ የባላባት ልጅ አስተማሪ መሆኑ ከምናብ ብቻ የመጣ አይደለም። አንባቢው በፍቅሩ ተይዞ የሚያልፈው አንድ ነገር አለ፤ ያ ወጣት በባላባቱ በር የገባው በዘሩ ወይም በገንዘቡ ሳይሆን በትምህርቱ ነው፣ የወጣውም ትምህርቱ ዘርና ገንዘብ ሊሆንለት ስላልቻለ ነው። የአብነት መምህር በማኅበረሰቡ ዘንድ ያለው ስፍራ እስከ ዛሬም ከዚህ ብዙ አልራቀም፤ ሲያስተምር ይፈለጋል፣ ሲቀመጥ ይከበራል፣ ሲቸገር ይረሳል።

የቅኔ ቤቶች ራሳቸው በሦስት ታላላቅ ስሞች ይጠራሉ፤ ሁለቱ ዋሸራና ጎንጅ በጎጃም፣ ሦስተኛው ዋድላ በወሎ ነው። ቤት ሲባል እዚህ ላይ ሕንፃ ማለት ሳይሆን፣ ግስ በሚረባበት፣ አገባብ በሚፈታበትና ቅኔው በሚዋቀርበት ስልት የሚለይ የመምህራን የትውልድ ሐረግ ነው። ትውፊት የቅኔን ጅማሬ ወደ ቅዱስ ያሬድ ያደርሰዋል፤ ሥርዓት ይዞ እንዲሰፋ ካደረጉት መካከልም ዮሐንስ ገብላዊንና የጎንጁን ተዋነይን ያነሣል። የቀደምቶቹን የሕይወት ታሪክ አፈ ታሪክ ሸፍኖታል፤ ሐረጉ ግን ሳይቆረጥ መምህር ከመምህር እየተቀበለ መዝለቁ ለተማሪው ከዘመን ቁጥር ይበልጥበታል፣ የኔታ እገሌ የማን ደቀ መዝሙር ናቸው የሚለውም ስለ አንድ መምህር የሚጠየቅ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

የአንድ ቅኔ ቤት ውሎ በቅርብ ሲታይ ዝምታ ይበዛበታል። ከጠዋት ጸሎት በኋላ ተማሪው ደበሎውን ወይም ጋቢውን ተከናንቦ ከጓደኞቹ ይርቅና አንዱን ዛፍ ተጠግቶ ይቀመጣል፤ ይህ ቆጠራ ይባላል፣ በዚያ ሰዓትም አይጫወትም፣ አይጽፍም፤ ቃሉን በልቡ ይመርጣል፣ ያነሣል፣ ይጥላል። ጀማሪው የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና የሚባለውን ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ነው፤ ቤት ማለት እዚህ ላይ ስንኝ ነው። ጉባኤ ቃናው ሲቃና ወደ ባለ ሦስቱ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ይሸጋገራል፣ እንዲህ እያለም ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ይወጣል። ሁሉም በግእዝ ነው፣ ሁሉም የየራሱ ዜማ አለው፣ የየቤቱ መጨረሻም በአንድ ፊደል ይመታል። ቀኑ ሲያዘነብል ተማሪዎቹ የቆጠሩትን ይዘው ይሰበሰባሉ፤ መምህሩ በጎጆው ደጃፍ ቁርበት በተነጠፈበት መደብ ላይ ጭራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፣ ተማሪው በዱላው ተደግፎ የመጀመሪያውን ቤት በዜማ ያሰማል፣ ሁለተኛውን ሳይጨርስ ግን ጥያቄ ይመጣል። ባለቤቱ ማን ነው? ተሳቢው የታለ? ማሰሪያ አንቀጹስ? ማሰሪያ አንቀጽ የዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ የሚቋጨው ግስ ነው፣ እሱ ከሌለ የቀረው ሁሉ ቢያምር ቅኔው አይቆምም። ቀኑን ሙሉ የተደከመበት ሥራ በአንዲት ጥያቄ ሲፈርስ ተማሪው አያለቅስም፣ አይከራከርምም፤ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል።

ይህ ሁሉ የሰዋስው ልምምድ ቢመስልም የእምነት ትምህርቱ ያለው በዚያው ውስጥ ነው። ቅኔ በሰምና ወርቅ ይሠራል፤ ሰም ላይ ላዩን የሚሰማው፣ ብዙ ጊዜ ከዕለት ኑሮ የተወሰደው ታሪክ ሲሆን፣ ወርቅ በዚያው ቃል ውስጥ የታሰበው ምሥጢር ነው፣ ቃሉም ለሁለቱም እኩል መግጠም አለበት። ለምሳሌ አንድ ተማሪ ዘር ለመዝራት ሲል ካለው እህል ከፍሎ ለመሬት የሚሰጥን ገበሬ ሰም አድርጎ የጌታን ሞትና ትንሣኤ ወርቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ያን ለማድረግ ግን ዘር በምን ወር እንደሚወርድ፣ አፈሩ እንዴት እንደሚለሰልስ፣ ጎተራው ሲጎድል የቤቱ ሰው ምን እንደሚል ማወቅ አለበት፣ በሌላ በኩል ደግሞ ወንጌሉንና የሃይማኖቱን ትምህርት ሳያዛንፍ መያዝ አለበት። ወርቁ ከተፋለሰ ቅኔው ውበት ብቻ ይሆናል፣ ሰሙ ከደከመ ደግሞ ስብከት ብቻ ይሆናል፤ መምህራኑ ሁለቱንም አይቀበሉም። የዛሬ ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው ወርቁ አይደለም፤ እሱን በቃላቸው ያውቁታል፣ የሚሰማቸው ሰው ኑሮ ግን ወደ ንግግራቸው አይገባም።

የቅኔ ተማሪ ሰሙን የሚሰበስበው ከየት ነው ቢባል ከልመናው ነው። ቆሎ ተማሪ የሚለው ስም የመጣው ከስንቁ ነው፤ አኩፋዳ የምትባለዋን ከስንደዶ ወይም ከሰሌን የተሰፋች መያዣ አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጃፉ ይቆማል፣ የመንደሩ ውሻም በደንብ ያውቀዋል። ስለዚህ ኑሮ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ትሕትናን ማስተማሩ ነው፣ እውነትም ያስተምራል፤ ነገር ግን በየቀኑ በአሥር ቤት ደጃፍ የቆመ ልጅ የአሥር ቤት ጠብና ፍቅር፣ የከብት ስም፣ የገበያ ዋጋ፣ የለቅሶ ቤት ወግ ይዞ ይመለሳል፣ በማግስቱም ዛፍ ሥር ሲቀመጥ የሚቆጥረው ከዚያ እያወጣ ነው። ርሃቡን ማስዋብ አይገባም፤ ብዙ ልጅ በበሽታና በድካም ከመንገድ ቀርቷል። መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አንደበት ቀድተው ያዘጋጁት መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ የዚህን የድሮ የትምህርት ዓለም ጣዕምና ምሬት ሳይለያዩ ካስቀመጡት ሥራዎች አንዱ ነው፣ የተማሪው ተንኮልና ሳቅም አልቀረበትም።

ችግሩና ጉጉቱ አቋራጭ የሚያስመኙበት ጊዜም ነበር። አብሾ የሚባለው መርዛማ ተክል ልብ ይከፍታል ተብሎ የጠጣ ተማሪ ታሪክ በየጉባኤ ቤቱ ይነገራል፤ አንዳንዱ ሊቅ ሆነ ይባላል፣ አንዳንዱ አእምሮውን ስቶ ቀረ ይባላል። ተሰጥኦን ከውጭ በሚጠጣ ነገር የማግኘት ምኞት ከሌላው የጉባኤ ቤቱ ሥርዓት ሁሉ ጋር የሚጋጭ ነው፣ አለመጥፋቱ ግን ሊቅነት በአካባቢው ምን ያህል የሚያስጎመጅ እንደነበረ ያሳያል።

ተማሪን መምህር የሚያደርገው እርከን አስነጋሪነት ነው፤ ይህም ተጓዥ ከሚያያቸው ነገሮች ሁሉ ብዙ ሊጻፍበት ሲገባ ጥቂት የተጻፈበት ነው። አስነጋሪ የሚባለው በቅኔው የበሰለ ደቀ መዝሙር ሲሆን፣ ታናናሾቹ ቅኔያቸውን ወደ መምህሩ ከማቅረባቸው በፊት አስቀድመው ለእሱ ይነግራሉ፣ እሱም ያርማል፣ ይመልሳል፣ ያሳልፋል። የራሱን ቅኔ በፍጥነት መዝረፍ፣ ማለትም ሳያመነታ ማፍሰስ፣ የቻለ ጎበዝ እዚህ ሲደርስ ሌላ ሥራ ይገጥመዋል፤ የራሱን ብልሃት ወደ ጎን ትቶ ያልበሰለ ልጅ ሊል የፈለገውን ነገር መፈለግ አለበት። ልጁ የጀመረውን ሰም አፍርሶ የራሱን ውብ ሰም ቢሰጠው ቅኔው ይቃናል፣ ልጁ ግን አይማርም። ስለዚህ ጥሩ አስነጋሪ አንዲት ቃል ብቻ ነክቶ የቀረውን ለባለቤቱ ይመልሳል፣ ይህን የማይችል ደግሞ ታላቅ ባለቅኔ ሆኖ ሳለ ጉባኤው ሲበተንበት ይታያል። በዚህ እርከን የቆየ ሰው ነው መምህሩ መርቀው ሲያሰናብቱት ወደ ሌላ አገር ሄዶ ወንበር የሚዘረጋው፤ ወንበር መዘርጋት ጉባኤ ከፍቶ ማስተማር ማለት ነው።

ቅኔው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ደግሞ ባለቅኔው እንደገና ይሸሸጋል። የቤተ ክርስቲያኑ ውጫዊ ክፍል ቅኔ ማሕሌት መባሉ በዚያ ስለሚዜምበት ነው፤ በበዓል ሌሊት ሊቃውንቱ መቋሚያና ጽናጽል ይዘው ከቆሙበት መካከል ባለቅኔው ወደ አንዱ ተጠግቶ ቅኔውን ቤት በቤት በጆሮው ይመራዋል፣ ተቀባዩም በዜማ ከፍ አድርጎ ለጉባኤው ያሰማል፤ በመሆኑም ሕዝቡ የሚሰማው የሌላ ሰው ድምፅ ነው። በዚያ ሌሊት የተባለው ቅኔ ለዚያ በዓልና ለዚያ ሌሊት ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። በየቀኑ አዲስ የሚያፈልቅና ያፈለቀውን የማያስቀር ሰው ከሥራው ጋር ያለው ግንኙነት መጽሐፍ ከሚያሳትም ደራሲ ግንኙነት በጣም ይለያል፤ በዚህ ጽሑፍ አስተያየት የቅኔ ቤት ለሃይማኖት መምህር ከሚሰጠው ሁሉ የላቀው ይህ ነው፣ ትላንት ያማረለትን ስብከት ዛሬ መድገም የማይችል ሰው ዘወትር እንዲያነብና እንዲጸልይ ይገደዳልና።

የጉባኤ ቤቱ በር ለሴቶች ለብዙ ዘመን ጠባብ ሆኖ ኖሯል። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በዚህ ረገድ የታወቁ ናቸው፤ በልጅነታቸው ዓይናቸው የጠፋባቸው እኒህ የጎጃም ሊቅ ቅኔን ከአባታቸው ጉባኤ ሰምተው ተምረው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በጽላሎ ወንበር ዘርግተው ወንዶች ተማሪዎችን አስቀኝተዋል። ስማቸው ሲነሣ እንደ ተአምር መነገሩ አክብሮት ቢሆንም ጉዳትም አለው፤ ተአምር ከተባለ ሌሎች ሴቶች ለምን እንዳልተማሩ መጠየቅ ይቀራል። ቅኔ በጆሮና በልብ የሚሠራ መሆኑ ማየት የተሳናቸውን ሰዎች ወደ ሊቅነት እንዳደረሰ ሁሉ፣ ለሴቶችም መንገዱን ሊከፍት ይችል እንደነበረ የእማሆይ ወንበር ራሱ ይመሰክራል።

ከባሕር ዳር በወረታና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ጋይንት የሚያመራው መንገድ ተጓዡን ከቅኔው ዓለም ወደ ዜማው ዓለም ያገባዋል። በቤተልሔም የሚመሰከረው ድጓ የዓመቱን በዓላት ዜማ የያዘ፣ ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጥ መጽሐፍ ነው፤ ማስመስከር ማለት ተማሪው የተማረውን በሊቃውንቱ ፊት አሰምቶ ያልተዛነፈ መሆኑን ማረጋገጫ መቀበል ነው፣ በዚህም አንዲት ፊደል የመጨመር ነፃነት የለውም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት መጻሕፍት ሲቃጠሉ ድጓው ተርፎ የተገኘው በዚሁ ስፍራ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል፤ በዚያው ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ከፊደሉ በላይ የሚጻፈውን የዜማ ምልክት አበጁ። ስለዚህ የዜማው ሰው ጠባቂ ብቻ፣ የቅኔው ሰው ፈጣሪ ብቻ ነው ብሎ መለየት አይቻልም፤ ምልክቱ ራሱ ዜማውን ለመጠበቅ የተፈጠረ ነው። ቅኔ የሚማረውም ብዙውን ጊዜ ዜማውን ያጠና ሰው ነው፣ የማይለወጥ ነገር በቃሉ የያዘ ሰው አዲስ ነገር ሲናገር መሬት የረገጠ ይሆናል። ያሬድ በትምህርት ሰንፎ ከአጎቱ ቤት ሸሽቶ ሳለ ዛፍ ለመውጣት ደጋግሞ እየወደቀ የሚሞክረውን ትል አይቶ የተመለሰበት ታሪክ ለየሕፃኑ ይነገራል፤ ገድሉ ግን እዚያ አያበቃም፣ ያ ሰነፍ የተባለ ልጅ ኋላ በአጎቱ ስፍራ ሆኖ እንዳስተማረም ይተርካል፣ መምህራን የበለጠ ሊያስቡበት የሚገባቸውም ይህ ክፍል ይመስላል።

ከቅኔ ቀጥሎ የሚመጣው የመጻሕፍት ትርጓሜ ነው። በትርጓሜ ቤት መምህሩ የመጽሐፉን ቃል በግእዝ አንብቦ በአማርኛ ይፈታዋል፣ ከዚያም አንድም እያለ ሌላ ፍቺ፣ አንድም እያለ ሦስተኛ ፍቺ ያመጣል፤ ስልቱም በዚሁ ቃል አንድምታ ተብሏል። በቅኔ ቤት አንድን ቃል ለሁለት ምሥጢር ማስገዛት የለመደ አእምሮ እዚህ ሲደርስ የብዙ ፍቺ መኖር አያስደነግጠውም፣ ቅኔ ያልቆጠረ ሰው ወደ ትርጓሜ ቢገባ ይደናቀፋል የሚሉት ሊቃውንት ምክንያታቸው ይኸው ነው።

በዚህ ዘመን ሥርዓቱ በሁለት ነገር እየተፈተነ ነው። አንደኛው ስልክ ነው፤ በማሕሌት ላይ የተባለው ቅኔ ይቀረጻል፣ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ባሉ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት የሚያገለግል ደብተራም ጎንደር ውስጥ የተባለውን በማግስቱ ያዳምጣል። ቅኔን ማስቀረት ራሱ አዲስ አይደለም፤ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ በ1963 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፈ ቅኔ የብዙ ሊቃውንትን ሥራ ከመጥፋት አድነዋል፣ ያ መጽሐፍ ባይኖር ኖሮ ከጎጃም ውጭ የሚኖር አንባቢ የብዙዎቹን ስም እንኳ ላይሰማ ይችል ነበር። ልዩነቱ መጽሐፉ የሞቱትን መሰብሰቡ፣ ስልኩ ግን ገና በሕይወት ያለውን ባለቅኔ ታዋቂ ማድረጉ ነው፤ ታዋቂ የሆነ ሰውም የወደዱለትን ድገምልን ይባላል።

ሁለተኛውና የከፋው የኑሮ ጉዳይ ነው። ተመርቆ የወጣ ባለቅኔ በገጠር ወንበር ቢዘረጋ ከሰበካው ጥቂት እህል ያገኝ ይሆናል፤ ከተማ ወርዶ በመሪጌትነት ወይም በስብከት ቢቀጠር ግን ደመወዝ አለው፣ ልጆቹን ያስተምራል፣ ማንም ሊፈርድበት አይችልም። በአዲስ አበባ አንዳንድ አድባራት የቅኔ ጉባኤ ተዘርግቷል፣ መምህር አይጠፋለትም፣ ከሥራ መልስ ግስ ለመስማት የሚመጣም ሰው አለ። የሚቸግረው አስነጋሪ ማፍራት ነው፤ ለዓመታት ከታናናሾቹ ጋር አብሮ የሚያድር፣ ማታ ማታ የሚሰማቸው፣ ጠዋት የሚቀሰቅሳቸው ታላቅ ተማሪ ማደሪያና ቀለብ ይፈልጋል፣ ለመምህሩ ደመወዝ የሚመድብ ሰበካ ጉባኤ ደግሞ ለእሱ የሚሆን መደብ ገና አልከፈተም።